የተፈጥሮ ውለታ በአገር ሒሳብ ውስጥ
(ስለ ኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ የቀረበ ትችት)

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «የሥርዓተ ምህዳር አገልግሎት» የሚባለው ቃል በመመረቂያ ጽሑፍም፥ በዐውደ ጥናትም፥ በፕሮጀክት ሰነድም ላይ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን የለም። ቃሉን ከሚያዘወትሩት መካከል እኛም አለንበት። ነገር ግን ስንጠቀምበት ከርመን፥ ይህ ሐሳብ በአገራችን የአካባቢ ፖሊሲ ውስጥ በእርግጥ ምን ሥራ ሠራ ብለን ስንጠይቅ መልሱን እንደ ጠበቅነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ስለዚህ ፖሊሲውን ራሱን አንብበን፥ ከታወቁ ጥቂት ቦታዎች ሁኔታ ጋር አስተያይተን፥ ጉድለት መስሎ የታየንን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ተነሥተናል። ይህን ስናደርግ ፖሊሲውን ያዘጋጁትን ሰዎች ድካም ለማቃለል አይደለም። እንዲያውም ወደ ኋላ እንደሚታየው፥ ጽሑፉ ለዘመኑ ከተጠበቀው በላይ አርቆ ያሰበ ነው፤ ቅሬታችንም የሚነሣው ከዚሁ ነው።

የሐሳቡን ታሪክ ባጭሩ እንለፈው። በእ.ኤ.አ. 1977 ዋልተር ዌስትማን የተባለ የሥነ ምህዳር ሊቅ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ፥ ተፈጥሮ የምትሠራልን ሥራ ዋጋው ስንት ነው ሲል ጠየቀ። ከ20 ዓመት በኋላ በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ቁጥር ይዘው ወጡ፤ የዓለም ተፈጥሮ በየዓመቱ የምትሰጠው አገልግሎት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ነው አሉ። ይህም የዓለም አገሮች ሁሉ በዚያን ጊዜ በዓመት ከሚያመርቱት ድምር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ብዙ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ከፋዩ ካለው ገንዘብ ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ምን ዓይነት ዋጋ ነው ብለው ተቃወሙት። በ2005 ደግሞ ከ1,360 የሚበልጡ ባለሙያዎች የተሳተፉበት የሚሌኒየም የሥርዓተ ምህዳር ግምገማ ታትሞ ወጣ። እርሱም አገልግሎቶቹን በአራት ወገን ከፈለ፤ ምግብ፥ ውኃና እንጨት የመሳሰለውን የሚሰጡ፤ ጎርፍን፥ በሽታንና የአየር ጠባይን የሚያስተካክሉ፤ ለመንፈስና ለባህል የሚጠቅሙ፤ እነዚህን ሁሉ ደግፈው የሚይዙ፥ ለምሳሌ የአፈር መፈጠርን የመሰሉ። ከመረመራቸው 24 አገልግሎቶች ውስጥ 15ቱ እየተበላሹ ወይም ከአቅማቸው በላይ እየተበዘበዙ መሆናቸውን አስታወቀ።

ከዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልወደድንም። «አገልግሎት» በቋንቋችን አገልጋይና ተገልጋይ ያለበት ነገር ነው፤ አገልጋዩ ደመወዙን ከተቀበለ ነገሩ ያበቃል። ገበሬው ግን ከጫካውና ከምንጩ የሚያገኘውን ሲሳይ ወይም በረከት ይለዋል እንጂ አገልግሎት ሲል አልሰማንም። እኛ በአርእስቱ ላይ «ውለታ» ያልነው፥ ውለታ ተቀባዩን ባለዕዳ የሚያደርግ ቃል ስለ ሆነ ነው። ቢሆንም በመካከላችን ቃሉ ስለ ተለመደ፥ በጽሑፉ ውስጥ «አገልግሎት» እያልን እንቀጥላለን።

የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። በእ.ኤ.አ. አቈጣጠር 1997 ማለት ነው፤ የኮስታንዛ ጽሑፍ የወጣበት ያው ዓመት መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል። ፖሊሲው ከዝርዝር ዓላማዎቹ በአንዱ ላይ፥ በተፈጥሮ ሀብት ልማት ረገድ የሚደርሰው ወጪና ጥቅም ሁሉ፥ አካባቢውና የሚሰጠው አገልግሎት ተገምቶ፥ በእቅድም በሒሳብ አያያዝም ውስጥ እንዲገባ ያዛል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በገንዘብ ሊለካ የማይችለው ጥቅምና ጉዳትም እንዲታሰብ ይላል። ከዚያም ስለ አፈርና ግብርና፥ ስለ ደን፥ ስለ ብዝኃ ሕይወት፥ ስለ ውኃ፥ ስለ ኀይል ምንጭ፥ ስለ ማዕድን፥ ስለ ከተማ ኑሮ፥ ስለ ብክለትና ስለ ሌላውም በየክፍሉ ይዘረዝራል፤ የአካባቢ ኤኮኖሚ ለሚባለው ጥናት እንኳ የራሱን ክፍል ሰጥቶታል። እንግዲህ ሐሳቡ ዘግይቶ ከውጭ ተጭኖብን የመጣ ነው ለሚሉ ጓደኞቻችን መልሱ ይህ ነው፤ ከ28 ዓመት በላይ በገዛ ወረቀታችን ላይ ተቀምጧል።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ፖሊሲው «ይገመት» ይላል እንጂ ማን ይገምተው፥ መቼ ይገምተው፥ የተገመተውስ በየትኛው መዝገብ ላይ ይስፈር የሚለውን አይናገርም። ግስ አለው፤ ባለቤት የለውም። የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ በጀት ሲያዘጋጅ የአንድን ረግረግ ጥቅም በየትኛው ዓምድ ይጻፈው? ረግረጉ ተጠንፍፎ ሩዝ ቢዘራበት ሩዙ በአገር ገቢ ላይ ይደመራል፤ የጠፋው የውኃ ማጣሪያ ግን ከምንም ላይ አይቀነስም። በጣና ዳር የሆነው ይህንኑ ይመስላል። የደንገሉ ረግረግ ለእርሻና ለግጦሽ እየተሰጠ ሲጠብ፥ ከማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ሳይጣራ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ግድም እንቦጭ በሐይቁ ላይ ሲታይ የተትረፈረፈ ምግብ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ከዚያም ወዲያ ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ። ያ ሁሉ የሰው ጉልበት ደንገሉ በነፃ ይሠራው ለነበረ ሥራ የተከፈለ ዋጋ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ግምቱን ሊጠይቅ ይችል የነበረው መሥሪያ ቤትም ቢሆን እረፍት አላገኘም። በ1987 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ በ2005 የአካባቢና የደን ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ የሚለው ተጨመረበት፤ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፤ በ2014 ደግሞ ደኑ ተለይቶ ወጥቶ እርሱ ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመለሰ። በየጊዜው ማኅተም የሚያስቀርጽ መሥሪያ ቤት የ20 ዓመት የውኃና የአፈር መዝገብ እንዲይዝ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም፤ የተፈጥሮ አገልግሎት የሚታወቀው በረጅም ጊዜ ልኬት ብቻ ስለ ሆነ ነው።

የሐረማያን ሐይቅ ነገር ሰፋ አድርገን ብናነሣው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የደረቀው በሩቅ በረሃ ሳይሆን የግብርና ትምህርት በሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ፥ ሊቃውንቱ በመስኮት እያዩት ነው። ሐይቁ ለሐረር ከተማና በዙሪያው ላሉት ከተሞች የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። ዳር ዳሩን የነበሩት ገበሬዎች በሞተር እየሳቡ ጫትና አትክልት ያጠጡበት ነበር። ከብቱ ይጠጣበታል፥ ዓሣ ይሰገርበታል፥ ወፉም ይሰፍርበታል። በላዩ ላይ ያሉት ኮረብቶች ሲራቈቱ ደግሞ ደለሉ በየክረምቱ እየወረደ ጎድጓዳውን ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ሐይቁ ጨርሶ ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ።

እስቲ በዚህ ጊዜ ሁሉ ማን ምን ከፈለ ብለን እንጠይቅ። ጫት አብቃዩ የሞተሩን ነዳጅ ከፈለ። የከተማው ሰው የቧንቧውን ሒሳብ ከፈለ። በኮረብታው ላይ ያረሰው ሰው ግብሩን ከፈለ። ለሐይቁ ግን ማንም አልከፈለም፤ ለሐይቁ የሚከፈልበት መስኮትም አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው የሠራው ለራሱ ትክክል ነበር፤ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ሒሳቡ የመጣው በኋላ ነው። ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቈላ በቧንቧና በፓምፕ ሽቅብ ታስመጣ ጀመር። ተራራ የሚያወጣው ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ፥ የቧንቧው ጥገና፥ ውኃ በሚጠፋበት ሳምንት በጄሪካን የሚሸጠው ውኃ ዋጋ፥ ይህ ሁሉ ሐይቁ በሕይወት ሳለ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ተመን ነው። የተመኑን ልክ ያወቅነው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ወደ ሐይቁ መመለሱ በጣም የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ዛሬ ሞተሩ ተመልሶ ዳሩ ላይ ቢተከል የሚከለክለው ሒሳብ ተሠርቶ ይሆን? በበኩላችን እንጠራጠራለን።

ከሌሎች አገሮች ሁለት ምሳሌ ይጠቀሳል፤ ሁለቱም የዚያው የ1997 ናቸው። ኮስታ ሪካ በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ ቁጥር 7575፥ ደን አራት አገልግሎት ይሰጣል፤ ካርቦን መያዝ፥ ውኃ መጠበቅ፥ ብዝኃ ሕይወትና የመሬት ውበት ናቸው ብላ ደነገገች፤ በሚቀጥለው ዓመት ለደን ባለቤቶች መክፈል ጀመረች። ገንዘቡ በዋናነት ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ቀረጥ ይመጣል። የኒው ዮርክ ከተማም በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ፈረመች፤ አዲስ የውኃ ማጣሪያ ብትሠራ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣት ነበርና፥ ከዚያ እጅግ ባነሰ ገንዘብ የገበሬውን መሬትና ወንዙን መጠበቅ መረጠች። እነዚህን ሁለቱን ምሳሌዎች ያልጠቀሰ የመመረቂያ ጽሑፍ አላየንም፤ እኛም ጠቅሰን አልፈናል። ይሁን እንጂ በጥሞና ያየናቸው አይመስለንም። በኮስታ ሪካ ደኑ መመለስ የጀመረው ክፍያው ከመምጣቱ በፊት የከብት እርባታ ትርፉ ሲቀንስ ነው፤ ያው የ1996 ሕግም ደን መንጥሮ ወደ ሌላ ጥቅም ማዋልን ከልክሏል። ኒው ዮርክም በራሷ ፈቃድ ብቻ አልተነሣችም፤ ተፋሰስህን ካልጠበቅህ ማጣሪያ ትሠራለህ የሚል የመንግሥት ሕግ በላይዋ ነበር። ስለዚህ ዋጋው ብቻውን የሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ ከዋጋው ኋላ ዱላ የያዘ ሕግ ቆሞ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚለየን የመሬቱ ነገር ነው። ኮስታ ሪካ የከፈለችው የመሬት ደብተር ላለው ሰው ነው። በእኛ አገር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ታዲያ በኮረብታው ላይ የበቀለው ደን ላጠራው ውኃ ከፋዩ ማነው፥ ተከፋዩስ ማነው? ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ አገልግሎቱን የመሸጥ መብት ግን አለው ወይስ የለውም የሚለውን ፖሊሲው ዝም ብሎታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብና የማኅበር ደን መኖሩን ማወቁ አንድ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ደን ባልሆነው መሬት፥ በረግረጉ፥ በሣሩና በተከለለው ተዳፋት ላይ ጥያቄው እንዳለ ነው።

ይህን ጥያቄ ያስተማሩን መምህሮቻችን አይደሉም። ከመካከላችን ሁለቱ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መጠይቅ ይዘው ወደ ገጠር ወጥተው ነበር። መጠይቁ እንደ ልማዳችን «ይህ ምንጭ እንዳይደርቅ ደኑ ቢጠበቅ በዓመት ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» የሚል ነበር። አንዲት ባልቴት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ከሰሙ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ከማን ነው የምገዛው?» አሉ። «እማማ፥ እንዲያው ቢሆን ብለው ያስቡት» ተብለው ቢለመኑም፥ «እኔ እኮ ጉድጓዱን ስቆፍር፥ እርከኑን ስክብ የከረምሁ ነኝ፤ ለእኔ የሚከፍል የለም ወይ?» ብለው መለሱ። በቅጹ ላይ ለዚህ መልስ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ፥ «ለመክፈል ፈቃደኛ ያልሆኑ» ተብለው ተመዘገቡ። ጽሑፉም ጥሩ ማርክ አገኘ።

ባልቴቲቱ ያሉት ቁም ነገር ነው። የደጋው ገበሬ በየዓመቱ በበጋው ወራት ለተፋሰስ ሥራ ያለ ክፍያ ጉልበቱን ይሰጣል፤ እርከን ይሠራል፥ ጉድጓድ ይቆፍራል፥ ኮረብታውን ከከብት ይከልላል። በዚህ ሥራ የሚጠቀመው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ግድቡ ደለል የሚቀንስለት የኀይል ማመንጫ፥ ውኃው የሚጠራለት ከተማ፥ መስኖው የማይደፈንበት የቈላ እርሻም ይጠቀማሉ። በእኛ መጠይቅ ግን ሰጪውን ከፋይ አድርገን፥ ተቀባዩን ምንም ሳንጠይቀው መጣን። «ለመክፈል ፈቃደኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ መቅረብ የነበረበት ለግድቡ ባለቤት አልነበረምን?

እስካሁን በአገራችን ገዢ ያገኘው አንድ አገልግሎት ብቻ ነው፤ እርሱም ካርቦን ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሔክታር የተራቈተ ተራራ ተከልሎ፥ ከመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ እንዲያቈጠቁጥ እየተገረዘ ደን ሆኗል። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጠቀሚያ መብት ደብተር ተሰጣቸው፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራው በዓለም አቀፍ ደንብ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ካርቦኑን ሊገዛ ተዋዋለ። የሁምቦን ሥራ እናደንቃለን። በተለይ የምናደንቀው ገንዘቡን ሳይሆን ደብተሩን ነው፤ ደብተሩ ሻጩ ማን እንደ ሆነ ወስኗልና። ሆኖም በ2004 ዓ.ም. የወጣው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኤኮኖሚ የተባለው ስልት የደንን ነገር በአብዛኛው በካርቦን ቶን ሲለካው ብናይ ሥጋት ያዘን። ካርቦንን የሚገዛው ሩቅ አገር ነው፤ ለእርሱ ባሕር ዛፍም ጽድም አንድ ነው። ምንጩን የሚፈልገው የታችኛው ቀበሌ ግን ገንዘብ የለውም። ገዢ ያለው ብቻ «አገልግሎት» ተብሎ ከተጠራ፥ ገዢ የሌለው ምን ሊባል ነው? አብያታ ሐይቅ ከሶዳ አመድ ፋብሪካና ከላይ ከሚሳበው የመስኖ ውኃ ጋር ሲከራከር፥ በእርሱ ወገን ሆኖ የቆመው የፍላሚንጎ መንጋ ነበር። ፍላሚንጎም ደረሰኝ አይቈርጥም።

ዋጋ ሳይኖር አገልግሎት ሊጠበቅ አይችልም ለሚሉት ደግሞ መንዝን እንጠቅሳለን። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ የሚሆን ነው፤ ቦታውም የብዙ ወንዞች መነሻ፥ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቄሮ ሥርዓት፥ በአባ ቄራ አስጠባቂነት፥ ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እየዘጉ በወቅቱ ይከፍቱት ነበር። ለአንዲት ጭዳ ሣር ተመን አልወጣም፤ ደንብ የጣሰ ግን ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን መብት ሲሽር ቄሮው አብሮ ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በሌላ መልክ ደንብ አውጥቶ ጓሳን እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ይህን ስንል ቄሮን እንደ ገነት አናሞግስም፤ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነው ጎረቤት ከሣሩ እንዲርቅ ያደርግ የነበረ ሥርዓት ነው። ቢሆንም ሦስት ነገር ያውቅ ነበር፤ ቦታው እስከ የት እንደ ሆነ፥ ባለመብቱ ማን እንደ ሆነ፥ ጥበቃው በማን ኀላፊነት እንደ ሆነ። የ1989ኙ ፖሊሲ ያልነገረን እነዚህኑ ሦስቱን ነው። ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚናገረው ክፍሉ መልካም ቃል ሞልቶታል፤ የአንድ አባ ቄራ ሥልጣን ግን በውስጡ አይገኝም።

እንግዲህ ትችት ብቻ እንዳይሆን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። የአገሩን ተፈጥሮ ሁሉ በገንዘብ ይገመት አንልም፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሌላ 33 ትሪሊዮን ከማውጣት አያልፍም። በአንድ ቦታ ብቻ ይጀመር። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው በ1960ዎቹ መግቢያ ዓ.ም. ከተሠራው ከለገዳዲ ነው፤ ግድቡን የሚመግቡት ጅረቶች በሰንዳፋና በአካባቢዋ ባሉ ገበሬዎች ማሳ ውስጥ ያልፋሉ። ከማሳው የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ የማጣሪያውን ወጪ እንደሚጨምር ግልጽ ነው። ስለዚህ ለማጣራት የሚወጣው ኬሚካል በየወሩ ይመዝገብ፤ የጅረቱም ድፍርስነት በየቦታው ይለካ፤ በአንደኛው ጅረት ገበሬዎች ዳር ዳሩን ሣር ቢተዉለት ልዩነቱ ስንት እንደ ሆነ ይታይ። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ በከተማው ሰው የውኃ ሒሳብ ላይ አንድ መስመር ይጨመርና ገንዘቡ ወደ ላይ ይሂድ። ደሀው እንዳይጎዳ በቦኖ የሚቀዳው ሰው ከዚህ ነፃ ይሁን፤ ሆቴሉ፥ የመኪና እጥበቱና ፋብሪካው ይክፈሉ። አስተዳደሩ በሁለት ክልል የተከፈለ መሆኑ ነገሩን እንደሚያከብደው እናውቃለን፤ ከተማው አንድ ወገን ነው፥ ተፋሰሱ ያለው በኦሮሚያ ነው። ግን ፖሊሲ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ቦታ አይደለምን? ሁሉም በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ፖሊሲ ባላስፈለገ ነበር።

ልኬቱን የኮሌጁ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ጅረቶቹም በአውቶቡስ የሚደረስባቸው ናቸው። ከሚመጣው ክረምት መጀመሪያ አንሥቶ በሦስት ጅረት ላይ የድፍርስነት መለኪያ ለማድረግ ከመካከላችን አምስት ሰዎች ተስማምተናል። ያንን መጠይቅ ግን እንደገና አናትመውም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ነገር ካለ፥ በተለይ ስለ ሕጉና ስለ አንቀጽ 40 አተረጓጐም ከሕግ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተቃውሞ ቢመጣ፥ በሚቀጥለው እትም ከልኬቱ ጋር አብረን እናወጣዋለን።